የማዶው ቤት ድምፅ

ናሆም የመሸታ ቤቱን በር ከመክፈቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር። ገብቶ ባንኮኒው ፊት ሲቆም ለቤቱ "እንደምን አደርክ" ማለት አለበት። ቤቱ ድምፁን ያዳምጣል። ድምፁ የሞቀ ከሆነ የድራፍቱ ቧንቧዎች ወዲያው ይከፈታሉ፤ የተኮሳተረ ከሆነ ግን እስከ ረፋድ ተዘግተው ይቆያሉ። የቤቱ ባለንብረት የሆነው ኩባንያ ይህን ቅጣት ብሎ አይጠራውም፤ አስተናጋጁ ለእንግዳ መዘጋጀቱን ማረጋገጫ ነው ይላል። ናሆም ሚስቱ ከሞተች ወዲህ በጠዋት የሞቀ ድምፅ ማውጣት ይቸግረው ነበር። ስለዚህ ደረጃው ላይ ሆኖ በሹክሹክታ የሷን ስም ይጠራና፣ ያ ድምፅ ከጉሮሮው ሳይጠፋ ፈጠን ብሎ ይገባል።

በዚያ ዘመን የደሴ መሸታ ቤቶች አብዛኞቹ "የታሰሩ ቤቶች" ይባሉ ነበር። ሕንፃው፣ ወንበሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ አምፖሉ፣ በሩ ላይ የሚበራው ስም ሳይቀር ጥንስስ የሚባለው ኩባንያ ንብረት ነው። ተከራዩ የሚያመጣው ጉልበቱን፣ ፊቱንና ድምፁን ነው። በውሉ መሠረት ከጥንስስ መጠጥ በቀር ሌላ አይቀዳም። የጥንስስ ጠጋኝ ካልሆነ ማንም ግድግዳው ላይ ሚስማር አይመታም። የሚሰማውን ዘፈን የሚመርጠውም ጥንስስ ነው። እንግዳ ሲገባም ቤቱ ራሱ በልሙጥ የኩባንያ ድምፅ እንኳን ደህና መጡ ይላል። በምላሹ ተከራዩ ከቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራል። የናሆም አባት፣ ድሮ ሰው የፈለገውን ቢራ ከፈለገው መኪና አስወርዶ ይሸጥ እንደነበር ያወራ ነበር። የሚያምነው ሲያጣ ጊዜ ማውራቱን ተወው።

ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ የሶስና ቤት ነበር። ሶስና ናሆምን በዕድሜ ስለምትበልጠው እትዬ ሶስና ነው የሚላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅም የላትም። ያላት እንግዶቿ ናቸው። ወደሷ ቤት የገባ ሰው ስሙ ብቻ ሳይሆን የታመመች እህቱ፣ ሳይጨርሰው የቀረው ግድግዳ፣ ያኮረፈው ጎረቤቱ ሁሉ ይታወስለታል። "እህትህን ተሻላት?" ሳትል ብርጭቆ አታስቀምጥም። ቤቱም ይህን ሁሉ እየሰማ ይማር ነበር። የታሰረ ቤት ሁሉ ከአስተናጋጁ ይማራል፤ ሲፈርሙ ከተስማሙባቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ግን ቆም ብሎ ያሰበበት አልነበረም።

የናሆም ሚስት ምሥራቅ በመጨረሻ ሕመሟ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ የናሆምን ቤት የያዘችለት ሶስና ነበረች። ጠዋት መንገዱን ተሻግራ ለሱ ቤት "እንደምን አደርክ" ትላለች፤ ቧንቧዎቹም ከሱ ይልቅ ለሷ ፈጥነው ይከፈቱ ነበር። ከዚያ ወደ ራሷ ትመለሳለች። እንዲህ ሁለቱን ቤት ስትመላለስ ትውልና አመሻሹ ላይ ለምሥራቅ ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ናሆም ሆስፒታልም ሆነ በሷ ቤት ሲያገኛት መጀመሪያ የምትጠይቀው "ምሳ በልተሃል?" ብላ ነው። ካለቀሰበት ቀን ይልቅ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ይታወሰው ነበር። ከቀብሩ በኋላ ስለዚህ ነገር ሁለቱም አንስተው አያውቁም።

ነገሩ የተበላሸው ሶስና ከመጠጥ እስራቱ ልፈታ ብላ ባመለከተች ጊዜ ነው።

ሕጉ አለ። የታሰረ ተከራይ ከነጻ ተከራይ የባሰ ኑሮ ሊወድቅበት አይገባም ይላል፤ ይህን የሚያይ የመሸታ ቤቶች ዳኛ የሚባል ሹመትም አለ። ያመለከተ ሰው ከተፈቀደለት ቤቱን በኪራይ ብቻ ይይዝና መጠጡን ካሻው ቦታ ያመጣል። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያመለክትም። ሶስና ያመለከተችው ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጥቂት ሴቶች በጓሯቸው የሚጠምቁትን የገብስ ቢራ እንግዶቿ ስለጠየቋት ነበር። እኔም ቀምሼዋለሁ፣ ለምን አልቀዳላቸውም አለች። ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበራትም።

ካመለከተች በኋላ ቧንቧዋ ለብ ያለ ቢራ ይቀዳ ጀመር። አንዷን ጃንቦ ለመሙላት እንግዳው ወሬውን እስኪጨርስ ይፈጃል። ከዚያ ባጃጆቹ ረሷት። ባጃጆቹ ሹፌር የላቸውም፤ ተሳፋሪው የቤቱን ስም ሲነግራቸው ጥንስስ በሞላላቸው አድራሻ ያደርሱታል። "ሶስና ቤት" ያላቸውን ሁሉ መንገዱን ሳይሻገሩ ናሆም ደጃፍ ላይ ማውረድ ጀመሩ። ገሚሱ እየተራገመ ይሻገራል። ገሚሱ ግን ደሴ ጭጋግና ብርድ ስለሆነች፣ የናሆምም ቤት ስለሚሞቅ፣ እዚያው ይገባል።

በዚያው ሰሞን ኤልዳና መጣች። ኤልዳና የኩባንያው የአካባቢው ተቆጣጣሪ ናት፤ ወጣት፣ ትሁት፣ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ። ወንበሩን በእጇ ዳሰስ አድርጋ ተቀመጠችና ስለ ጤናው፣ ስለ ጣሪያው ጠየቀችው። ናሆም የሚተኛበት ክፍል ጣሪያ ያፈሳል። ለዓመታት ሲያመለክት ኖሯል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አልጋውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ይገፋል።

"እትዬ ሶስና ቤት ጥገና ላይ ነው" አለችው። "እስኪያልቅ ድረስ እንግዶቻቸውን እርስዎ ቢቀበሉልን ደስ ይለናል።"

ናሆም በመስኮቱ ወደ ማዶ አየ። ሶስና በሯ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ጥገና የለም። ጠጋኝ የሚባል ሰው ወደዚያ በር ሲገባ አላየም።

"ምን ገዶኝ፣ እቀበላለሁ" አለ።

በማግስቱ የጣሪያው ሠራተኞች መጡ።

የዳኛዋ ጉባኤ የተቀመጠው ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ዳኛዋ ረድኤት የሚባሉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። በሕጉ የኩባንያው ቤቶች ራሳቸው የሚይዙት መዝገብ፣ በሕይወት ያለ ሰው ቀርቦ ካልተቃወመው በቀር፣ እውነት ሆኖ ይወሰዳል። መዝገቡ የሶስና ቤት ጥገና ላይ እንደነበር፣ ቧንቧውም የዘገየው፣ ባጃጁም የራቀው በዚያ ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። ሶስና ጥገና አልነበረም ብላ ተናገረች። እሷ ግን አመልካች ስለሆነች ቃሏ ብቻውን አይበቃም። ዳኛዋ ያን በር ቀን በቀን ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ይቅረብ አሉ።

ያ ሰው ናሆም ነው።

"ጠጋኞች አይተዋል?" ብለው ጠየቁት ዳኛዋ።

ናሆም አላየሁም ሊል ነበር የተነሳው። ኋላ ላይ ለራሱ ደጋግሞ ይህን ብሏል፤ ለማን እንደሚያስረዳ ግን አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ ኤልዳና ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር፤ አላስፈራራችውም፣ አላየችውም እንኳ። እሱ ያሰበው ፎቁን ነው። ትናንት ማታ ዘንቦ አልጋው ደረቅ ሆኖ ነው ያደረው።

"ሲገቡ ሲወጡ አይቻለሁ" አለ።

ሶስና ዞር ብላ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም። ሩቅ ሆኖ የሚጠራትን ሰው ለመስማት እንደምትሞክር ጆሮዋን አዘንብላ ነበር። ዳኛዋ አመሰገኑት፣ ተቀመጠ።

ማመልከቻዋ ወደቀ። ያለ በቂ ምክንያት ኩባንያውን ከሷል የተባለ ተከራይ ውሉ አይታደስለትምና፣ ሶስና ቤቱን እንድትለቅ ተነገራት። በለቀቀችበት ቀን ናሆም ፎቁ ላይ መጋረጃ ጋርዶ ተቀምጦ ነበር። ከሱ ተውሳ የቆየችውን መሰላል በትከሻዋ ተሸክማ መንገዱን ስትሻገር አያት። መሰላሉን በሩ አጠገብ አስደግፋ፣ እንዳይወድቅ ነካ ነካ አድርጋ አረጋግጣ ተመለሰች። በሩን አላንኳኳችም። ሐይቅ፣ የእህቷ ልጅ ዘንድ ሄደች ተባለ።

ከዚያ ኩባንያው ማዶ ያለውንም ቤት ናሆም ደርቦ እንዲይዝ ጠየቀው። እምቢ ለማለት የሚሆን ምክንያት ፈልጎ አጣ። እውነተኛው ምክንያት ጮክ ብሎ የማይነገር ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ጠዋት በሩን ከፍቶ ገባና እንደልማዱ "እንደምን አደርክ" አለ።

"እንደምን አደርክ ናሆም" አለ ቤቱ። በሶስና ድምፅ።

ናሆም ወደኋላው ዞረ። ማንም የለም። ቧንቧዎቹ ተከፈቱ፣ አምፖሎቹ በሩ። ቢራው በረዶ ሆኖ ነበር የሚወርደው።

እንግዶቹ ሲመጡ ቤቱ በስማቸው ተቀበላቸው። እህትህን ተሻላት፣ ግድግዳው አለቀ፣ ከጎረቤትህ ታረቅህ እያለ በዚያው ለዛ፣ በዚያው ሳቅ ጠየቃቸው። የመጀመሪያው ቀን ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ ደነገጠ። ጋሽ ካሌብ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሶስና ሞተች እንዴ ብለው ጠየቁ። ናሆም አልሞተችም፣ ሐይቅ ናት አላቸው። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ እንግዲያው ይሄ ማነው አሉ። በሳምንቱ ግን እሳቸውም ለመዱት፤ ሲገቡ "ደህና ዋልሽ" እያሉ ይመልሱለት ጀመር። ቤቱ ከበፊቱ ይበልጥ ይሞላ ነበር።

ናሆም ኤልዳናን ድምፁን አጥፉልኝ ብሎ ለመናት። እሷም በትህትና አስረዳችው፤ እንግዶች ወደውታል፣ ቤቱ የተማረው ነገር የቤቱ ነው፣ ሶስና ስትገባ ተስማምታበታለች። እርስዎም እኮ ተስማምተዋል አለችው። ናሆም ይህን አላሰበውም ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ በድምፁ የሚናገረው ቤት ምን እንደሚል አሰበና፣ ጠዋት ጠዋት የምሥራቅን ስም እየጠራ ለማግኘት የሚታገለው ያ የሞቀ ድምፅ ትዝ አለው።

ከሁሉ የከበደው ግን ስድስት ሰዓት ነበር። ቤቱ ገበያው ጋብ ሲል፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ይጠይቀዋል።

"ናሆም፣ ምሳ በልተሃል?"

ባይመልስም ይጠይቀዋል፤ ቢመልስም በማግስቱ ይጠይቀዋል። "በልቻለሁ" ሲል "እሰይ፣ የኔ ወንድም" ይለዋል። ቢበላም የሚበላው አይወርድለትም ነበር። ጣሪያው ደርቆ እንቅልፍ ግን አልነበረውም። ዝናብ ሲጥል የማያፈሰውን ጣሪያ ተጋድሞ ያዳምጣል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ደርቶ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ሶስና ገባች። ከገበያ የገዛችው ነገር በዘንቢል ይዛለች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ሳታወርድ በሩ አጠገብ ያለች ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ናሆም ባንኮኒው ውስጥ ብርጭቆ እያጠበ ነበር።

ቤቱ አላወቃትም። የቤቱ አስተናጋጅ ሆና እንጂ እንግዳ ሆና ተመዝግባ አታውቅም።

"እንኳን ደህና መጡ" አለ ቤቱ በሶስና ድምፅ። "ለኛ አዲስ ነዎት መሰለኝ። ስምዎን ማን ልበል?"

በየጠረጴዛው ያለው ሰው ወሬውን አቋረጠ። ሶስና ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ቆየች።

"ሶስና" አለች።

"ሶስና። ደስ የሚል ስም ነው" አለ ቤቱ። "ምን ልቅዳልዎት?"

ሶስና ተነስታ በወንበሮቹ መሀል አልፋ ባንኮኒው ጋ መጣች። ናሆም እጁን ከውኃው አላወጣም።

"ሐይቅ ድረስ ወሬው መጥቶ ነው" አለችው። "ምሳ በልተሃል ወይ እያለ ይጠይቅሃል ይላሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ እትዬ ሶስና።"

"እኔ ነኝ እንግዲህ የምጠይቅህ" አለች። "በየቀኑ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እኔ ልጠይቅህ እንዴ?"

የጮኸች አልነበረችም። ድምፅዋ ከቤቱ ድምፅ ትንሽ ያረጀ፣ ትንሽ የሻከረ ነበር፤ ናሆም ያስተዋለው ያኔ ነው። ዘንቢሏን አንስታ ወጣች። ቤቱ "ደህና ይግቡ፣ ሶስና" ብሎ ሸኛት።

ናሆም ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም ቤት ሳይከፍት ወደ ዳኛዋ ቢሮ ሄደ። ምስክር ቃሉን ማረም ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ይህንንም ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያደርገውም። ዳኛዋ ወይዘሮ ረድኤት አስቀምጠው ሰሙት። ጠጋኝ አላየሁም አለ። ጥገና አልነበረም፣ ኤልዳና መጥታ የሶስናን እንግዶች ተቀበል አለችኝ፣ እኔም ተቀበልኩ አለ።

"ያን ጊዜ ለምን ዋሹ?" አሉት።

ናሆም ሲመጣ መንገዱን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር። ኩባንያው ያስፈራል፣ ብቸኛ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬም ገፍቷል የሚል ነገር ነበረው። አፉን ሲከፍት ግን ሌላ ወጣ።

"ጣሪያዬ ያፈስ ነበር።"

ዳኛዋ የሚቀጥል መስሏቸው ጠበቁ። የሚቀጥል ነገር አልነበረም። ናሆም ነገሩ እዚያ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ሲነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሰማ። ከበድ ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ በተሻለው ነበር፤ ሰው ሊሸከመው አቅቶት ወደቀ ይባል ነበር።

ጉዳዩ እንደገና ታየ። ኩባንያው አልተከራከረም፤ በአሠራሩ ላይ ክፍተት መኖሩን ተቀብሎ ወደፊት እንደሚያሻሽል ገለጸ። ኤልዳና ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ለናሆም ውሉ እንደማይታደስለት የነገረው አዲሱ ተቆጣጣሪ ነው፤ እሱም እንደሷ ትሁት ነበር። ዳኛዋ ለሶስና ቤቷን ያለ መጠጥ እስራት የመያዝ መብት ፈረዱላት። ሶስና ግን ቤቱን አልፈልገውም አለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ ድምፄን ከቤቱ አውጡልኝ አለች። ይህ በሕጉ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ዳኛዋ ብዙ አሰቡበት፤ በመጨረሻ ፈቀዱ።

ድምፁ በወጣ ዕለት ናሆም ዕቃውን እየሸከፈ ነበር። ወንድሙ ዘንድ፣ ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ክፍል አግኝቷል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሳያስበው እጁ ቆመ፣ ጠበቀ። ማዶ ጋ ያለው ቤት ጸጥ ብሎ ነበር። ከዚያ በየትኛውም ከተማ፣ በየትኛውም የጥንስስ ቤት የሚሰማው ያ ልሙጥ የኩባንያ ድምፅ ለመጀመሪያው እንግዳ እንኳን ደህና መጡ አለው። ናሆም ቃሉን ካረመ ይቀለኛል ብሎ ነበር። አልቀለለውም። ይልቁን ቀድሞ ፍርሃት ሸፍኖት የነበረው ነገር አሁን ግልጥ ብሎ ወጣ፤ የሚፈራው ነገር ስላለቀ የቀረው ያደረገው ብቻ ሆነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሐይቅ ሄደ። የሶስና ቤት ለመፈለግ አላስቸገረውም፤ ስሟን ሲጠራ ያገኘው ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሳየው። በቆርቆሮ የተሸፈነ በረንዳ ነው። ረዣዥም አግዳሚዎች አሉ። ከበረንዳው ወዲያ ውኃው ይታያል። ቧንቧ የለም። ሶስና ከበርሜል በጣሳ እየቀዳች ለእንግዶቿ ታድላለች። አየችውና የያዘችውን ጣሳ ለሌላ ሰው ሰጥታ መጣች። ፊት ለፊቱ ቆመች።

"እትዬ ሶስና፣ ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት" አለ።

"አውቃለሁ።"

ከዚህ በኋላ ሊላት ያሰበው ብዙ ነበር። ስለ ሾርባው፣ ስለ ምሥራቅ፣ ስለ መሰላሉ። እሷ ግን እጇን አንስታ አስቆመችው።

"ዳኛዋ ዘንድ ሄደህ የተናገርከውን ሰምቻለሁ" አለች። "ከዚያ ወዲህ ይቅርታውን ውስጤ ስፈልገው ነበር፣ ናሆም። በእውነት ፈልጌዋለሁ። አላገኘሁትም። የለም አልልህም። ሳገኘው እነግርሃለሁ።"

"እስከዚያስ?"

"እስከዚያ እንደማንኛውም ሰው መጥተህ ጠጣ።"

ጣሳ ሞልታ አምጥታ አጠገቡ አኖረችለት። ቢራው ደፍረስ ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ነበር። ይጣፍጠው አይጣፍጠው መለየት አቃተው፤ ጨርሶ ግን ጠጣው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። ክረምት ገብቶ የሐይቅ መንገድ ጭቃ ሲሆንም አልቀረም። እግሩን እያራገፈ ይገባል፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሶስና ጣሳውን ስታስቀምጥለት ቀና ብሎ ፊቷን ያያል። እሷም ታየዋለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ራሷን ቀስ አድርጋ ትነቀንቃለች። ገና ነው ማለት ነው። ናሆም ጣሳውን በሁለት እጁ ይይዛል።